የማታ እርባታ

ቺሎዌ ላይ ዝናብ ሰዓት አያከብርም፤
ጣሪያው ላይ ያወራል፣ ደክሞት አያቋርጥም።
ቀን ከዓሣ እርባታው ሲገፉ የዋሉ፣
በረዶ የላጣቸው እጆች በየኪሱ አሉ።
ማታ ከዚህ መጥተው፣ ከሕፃናት ወንበር፣ ወገባቸው ታሞ፣
ግስ ያረባሉ ደግሞ።

ኤደልሚራ ካርካሞ ካፖርቷን አታወልቅም፤
ምድጃው ይጨሳል እንጂ አያሞቅም።
«ዛሬ ኃላፊ ነው» አለች፤ «አንዴ ሆኖ ያለቀ፣
በሩ የተቆለፈ፣ ሒሳቡ የተጠናቀቀ።
ግሱን ጋደም አርጉት፤ ጅራቱን ቁረጡ፣
ቀን እንደምታደርጉት፤ ሌላ ጅራት አምጡ።»

አብሌ፣ አወራሁ።
አብላስቴ፣ አወራህ።
አብሎ፣ አወራ፤ መጨረሻው ላይ ድምፅህ ይነሣል፣
ጆንያ እንዳነሣህ።

«ይኼ 'እናንተ' ደግሞ ስፔን ነው የቀረ፤ ባሕር አልተሻገረም፤
እዚህ ማንም አይለው፤ አታባክኑ ቀለም።»
ብላ አምስተኛውን መስመር በክንዷ አበሰችው፤
ጠመኔውን ኋላ ካፖርቷ ላይ አገኘችው።

ዲዩፌን፣ የጎናይቩ፣ እጁን አወጣ፤
«እኛ ዘንድ» አለ፣ «አንዲት 'ቴ' ብቻ ከግሱ ፊት ትምጣ፤
ሁሉም ያልፋል በቃ፤ ጅራት አይቆረጥ፣ ሰው አይቀጣ።»
ሳቁ። ሮዝሎር ግን ትጽፋለች አቀርቅራ፤
ስለ እናቷ ነው፦ «ትራባሆ»፣
ገበያ ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት፣ ከሰል ተራ።
«ጭረቷን ረሳሻት» አለች መምህርቷ። «ያለሷ 'እሠራለሁ' ነው፤
ከነሷ 'ሠራች'። ጥፍር የማታህል ጭረት ናት
እናትሽን ካንቺ የምትለየው።»
ሮዝሎር አረመች፣ እርሳሱ ወረቀቱን እስኪበሳው።

ከዚያ «ቢቪር»፣ መኖር።
ቢቪ፣ ቢቪስቴ፣ ቢቪዮ፣ ቢቪሞስ።
ዲዩፌን ደብተሩን ኋሊት ገልጦ ገልጦ፣
«በመጋቢት» አለ፣ ጣቱን ከቃሉ ላይ አስቀምጦ፣
«'እንኖራለን' ነበረች ይቺው፤ ዛሬ 'ኖርን' ሆነች፤
ፊደል አልጨመረች፣ ጭረት አልለበሰች፤
በምን ልለያት?»

ጠመኔው አየር ላይ ቆመ።

መሞትን ዝርዝሩ ላይ አልጻፈችም፤ መደበኛ አይደለም።
በ'እኔ' ይታዘዛል፣ በ'አንተ' ይታዘዛል፣ በ'እኛ'ም አያምጽም፤
'እሱ' ላይ ሲደርስ ግን ሆዱ ይገለበጣል፤
'ኦ' የነበረችው ወደ 'ኡ' ትሰምጣለች።
ኤሊሴዎ ጠላቂ ነበር፤ የተቀደደ መረብ ሊሰፋ
በነሐሴ ወረደ።
የመብራት ሒሳቡ ዛሬም በስሙ ይመጣል፤
ትከፍላለች፤ ስሙን አላስቀየረች።
ይህን በምጽፍበት ቋንቋ 'አለ' ሲላላ ያለፈ ነው፣
ሲጠብቅ ያለ፤
እሷ ግን ይህን አታውቅም፣ ጭረት ብቻ ነው ያላት።

«መብላት ላይ ይለያል» አለች ኋላ።
«ኮሜሞስ፣ ኮሚሞስ፤
የበላነው ሌላ ነው፣ የምንበላው ሌላ።
በመኖር ግን አይለይም፤ በማውራትም አይለይ።
ግራ ቀኙን እዩ፤ 'ትናንት' ካለ፣ አልፏል በሉ።
'ትናንት' ከሌለ…»
ጠመኔውን ወደ ሌላ እጇ አዛወረች፤
«…ፈተና ላይ አይመጣም።»

የፋብሪካው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፋ፤
የሌሊት ተረኞች ተነሡ፤ ወንበሩ ተገፋ።
ሮዝሎር ከበሩ ላይ፣ እንደ ሀገሬው ልማድ፣ ለመሰናበቻ፣
«አብላሞስ!» አለች፤ «እናወራለን» ለማለት ብቻ።
ኤደልሚራ፣ ጨርቅ በእጇ፣ ሌላውን ትርጉም ሰማች፤
«አብላሞስ» አለች፤
መብራቱን አጠፋች።